ጁክቦክሱን አትረዱት! «ውስጡን አውጥታችሁ ጣሉት» ላለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ «ያንተን ስራ ነው ሚያወራው፣ አንብበው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሰዓት ነው፣ የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ስራም ቀዝቀዝ ብሏል፣ ቡና አስመጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ ቡናውን ረስቼዋለሁ።

ጽሑፉ ስለ አሮጌ ጁክቦክስ ነው። ለማያውቁት ልጆች፣ ሳንቲም ከተህ ቁጥር ስትጫን ሸክላ መርጦ ሚያጫውተው ትልቁ ባለ መብራት ሳጥን ማለት ነው። ጸሐፊው ሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የነዚህ ማሽኖች የኤሌክትሪክ ዕቃ በሙሉ ከገበያ ስለጠፋ ማደስ ጊዜ ማባከን ነው፣ ስለዚህ የቫልቭ (የድሮው የብርጭቆ ቱቦ) አምፕሊፋየሩን፣ ማለትም ድምፅ ማጉያውን፣ አውጥታችሁ የብሉቱዝ ቦርድ ግጠሙ፣ ሴሌኒየም ሬክቲፋየሩን (ሚመላለሰውን ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሚያሳልፈውን አሮጌ ዕቃ) በዳዮድ (ያንኑ ስራ ሚሰራው የዛሬ ትንሽ ዕቃ) ቀይሩት፣ ማሽኑ ባለ 110 ቮልት ከሆነ 220ውን ሚቀንስ ስቴፕዳውን ትራንስፎርመር ግዙ፣ ፊውዝ እየበላ ካስቸገራችሁ ወፈር ያለ ሽቦ አድርጉለት፣ ኮንታክቶቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ መብራቱን ሁሉ ኤልኢዲ አድርጉ፣ አለቀ። እንዲህ ቀላል ቢሆን እኔ እስካሁን ስንት ፀጉር ይተርፈኝ ነበር።

መጀመሪያ ስለራሴ ልናገር፣ ከመሬት ተነስቶ ነው እንዳትሉኝ። እዚሁ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ አምፕሊፋየር ምናምን እጠግናለሁ። ጁክቦክስ እንደ ሚጢጢ ሬዲዮ በየቀኑ አይመጣም፣ በህይወቴ እጄ የገባው ሶስት ብቻ ነው። አንዱን ራሴ ነኝ ያበላሸሁት፣ እሱንም አልደብቅም፣ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ። አሁን ወርክሾፑ ውስጥ ቆሞ ያለው ሶስተኛው የአንዲት ሆቴል ያላቸው እትዬ ንብረት ነው፣ ሲበርግ ይባላል፣ ቺካጎ ነው የተሰራው፣ 1950ዎቹ አጋማሽ አካባቢ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ስቶር ውስጥ በጆንያ ተሸፍኖ፣ አይጥ ወልዳበት ነው የመጣልኝ። እትዬም ያንኑ ጽሑፍ አንብበው ነው መሰለኝ «ውስጡን አውጥተህ አዲስ ክተትለት ይላሉ እኮ» አሉኝ። ይሄን ምጽፈው ግማሹ ለሳቸው ነው።

እሺ፣ «ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል» ከሚለው ልጀምር።

እዚ ጋ ሰውዬው ሁለት ነገር አምታቷል። አንድ ዕቃ በስሙና በመልኩ ከገበያ ይጠፋል፣ ስራው ግን አይጠፋም። ያ በሰም የተነከረ የወረቀት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ ሚያጠራቅም ዕቃ ነው)፣ ሲያዩት ሻማ ሚመስለው፣ እውነት ነው ዛሬ ሚያመርተው የለም፣ ደግሞም አያስፈልግም። ላዩ ላይ 0.05 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መለኪያ) ይላል፣ ዛሬ ያለው 0.047 ነው፣ ባለ 630 ቮልት ፖሊስተር ትገዛለህ፣ ከድሮው በመጠን ታንሳለች፣ ትሻላለችም። ትልቁ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሮላይቲኩ፣ 20 ማይክሮፋራድ 450 ቮልት ከሆነ 22 ማይክሮፋራድ 450 ቮልት ነው ምትከተው፣ በዛ ዘመን የነዚህ ዕቃዎች ልክ ራሱ ከላይም ከታችም ብዙ ይዋዥቅ ስለነበር 20 እና 22 ብሎ ሚጨነቅ ማሽን የለም። መርካቶ ሄደህ ቁጥሩን ብትነግራቸው ይሰጡሃል፣ «የሲበርግ ካፓሲተር አላችሁ?» ካልክ ግን አዎ፣ የለም ይሉሃል። ጸሐፊው የጠየቀው እንደዛ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፣ ብዙ ልጆች ሲወድቁበት አይቻለሁ። የድሮ የአሜሪካ ዕቃ ላይ ማይክሮፋራድን «ኤምኤፍዲ» ብለው ነው ሚጽፉት፣ «ኤምኤምኤፍ» ካለ ደግሞ ዛሬ ፒኮፋራድ ምንለው ነው። አንዲት «ኤም» ስትጨመር ልዩነቱ ሚሊዮን እጥፍ ነው እንግዲህ፣ መነጽር አድርጉ።

ሌላው ደግሞ «ትልቅ ካፓሲተር ከሆነ ከረንቱን ይበልጥ ያጣራል» ብሎ ከድሮ ቴሌቪዥን የነቀሉትን 220 ማይክሮፋራድ መክተት ነው። በዳዮድ ሚሰራ ከሆነ ምንም አይል ይሆናል፣ በቫልቭ ሬክቲፋየር ሚሰራ ከሆነ ግን ከሬክቲፋየሩ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ካፓሲተር ሲተልቅ ቫልቩ በየሰከንዱ ሚተፋው ከረንት ከአቅሙ በላይ ይሆንና ውስጡ ብልጭ ብሎ ይሄዳል። 5ዩ4 ሚባለው የቫልቭ ሬክቲፋየር ሚችለው ወደ 40 ማይክሮፋራድ ነው፣ ከዛ በላይ አትሂዱበት። የተጻፈውን ቁጥር ማክበር ነው።

«ቫልቭ እኮ ዛሬ ሚያመርተው የለም» ሚለውን ደግሞ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። 12ኤኤክስ7 እና 6ኤል6 ሚባሉት ቫልቮች ዛሬም ፋብሪካ ላይ ናቸው፣ ስሎቫኪያም ራሺያም ቻይናም ይሰራሉ፣ ምክንያቱም ጊታር ተጫዋቾች አለቅም ብለዋል። ውድ ነው? ውድ ነው። የለም ማለት ግን ሌላ ነው። ደግሞ ቫልቭ አርጅቷል ብሎ ሳይሞከር መጣል የለም፣ እኔ እዚህ ሲበርግ ውስጥ ካገኘሁት ውስጥ አንዱ ብቻ ነው የሞተው፣ ሌሎቹ አይጥ ሸንታባቸው እንኳን ይሰራሉ።

እንግዲህ ሰውዬው ሁሉንም በአንድ ጆንያ ነው የጨመረው። ካፓሲተር በተፈጥሮው ይደርቃል፣ ያፈሳል፣ ሴሌኒየም ይሞታል፣ የጎማ ሽቦ ይሰነጣጠቃል፣ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል። እነዚህን ሳትጠይቅ ቀይር። ትራንስፎርመር፣ ሞተር፣ ኮይል፣ ስፒከር ግን በዕድሜ ብቻ አይሞቱም፣ የገደላቸው ነገር አለ፣ ገዳዩን ነው ምትፈልገው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ገዳዩ ያችው የወረቀት ካፓሲተር ናት፣ ትንሽ ማፍሰስ ስትጀምር የላይኛውን ቮልቴጅ ወደ ትልቁ ቫልቭ ግሪድ (ቫልቩን ሚቆጣጠረው ክፍል) ታሳልፋለች፣ ቫልቩ ልጓም እንደሌለው በሬ ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ሳህን ፍም መስሎ ይቀላል፣ ቀጥሎ የአውትፑት ትራንስፎርመሩ (ድምፁን ወደ ስፒከር ሚያሻግረው) ይነዳል። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ሚያወጣ ዕቃ ነው ይሄን ሁሉ ሚያደርገው።

አሁን ወደ ብሉቱዙ። እዚህ ላይ ነው በጣም የተናደድኩት፣ ስለዚህ ረዘም ቢልባችሁ ታገሱኝ።

«ማንም አያውቅባችሁም፣ ከውጪ ያው ጁክቦክስ ነው» ይላል። ከውጪ ያው ነው እሺ፣ ሬሳም ከውጪ ያው ሰው ነው። የጁክቦክስ ጨዋታው ድምፁ ብቻ አይደለም እኮ፣ ሆዱ ውስጥ ሚደረገው ነው። የእትዬ ሲበርግ 100 ሸክላ እንደ መጽሐፍ ሼልፍ ላይ በተርታ አቁሞ ይይዛል፣ በሁለቱም ፊት ስለሚያጫውት 200 ምርጫ ይሆናል፣ ስትመርጥ ጋሪዋ በሐዲዱ ላይ እየተንሸራተተች ሄዳ ቆም ትላለች፣ ሸክላውን ትስበዋለች፣ እንደቆመ ታጫውተዋለች፣ አዎ ሳይተኛ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ። ልጄ ይሄን ሲያይ የስልኩን ጌም ጥሎ ነው የመጣው። ጸሐፊው ይሄን አውጥተን ስልክ ሚያናግር ቦርድ እንድንከት ነው ሚመክረን።

ስሜቱን እንተወውና በስራ ቋንቋ ብቻ ላውራ ካላችሁም አይሰራም። አንደኛ በብዙ ጁክቦክስ አምፕሊፋየሩ ለብቻው ሚኖር ዕቃ አይደለም፣ ማሽኑ ሸክላ ሲቀይር ድምፁን ዝም ሚያሰኘው፣ የቮልዩም መቆጣጠሪያው ምናምን ከሱ ጋር ተሳስሮ ነው ያለው፣ ስትነቅለው የቀረው ግማሽ ማሽን ግራ ይገባዋል። ሁለተኛ ከመርፌው ሚመጣው ሲግናል ማግኔቲክ ካርትሪጅ ከሆነ ጥቂት ሚሊቮልት ነው፣ የብሉቱዝ ቦርዱ ደግሞ ከስልክ ሚወጣ ከሱ በመቶ እጥፍ ሚበልጥ ነገር ነው ሚጠብቀው። ቢሰማ እንኳን ቀጭን፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ሚል፣ ቤዝ የሌለው ነው ሚሆነው፣ ምክንያቱም ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ (ቤዙ) ተቀንሶ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው፣ ስታጫውተው በግልባጩ መመለስ አለብህ። ከ1954 ገደማ ጀምሮ ይሄ «አርአይኤኤ» ተብሎ ደረጃ ወጥቶለታል። ያንተ አሮጌ ቫልቭ አምፕሊፋየር ይሄን ከልደቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ቦርዱ ሰምቶትም አያውቅ።

ሶስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሲበርግ ከ1955 ጀምሮ «ቶርማት» ሚባል ማህደረ ትውስታ ይሰራ ነበር። ጣት ላይ እንኳን ማይገቡ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ። አንዱን ስትመርጥ አጭር ጠንካራ የኤሌክትሪክ ምት ተልኮ ያቺ ቀለበት ማግኔትነቷ ይገለበጣል፣ ጋሪዋ ስታልፍ ታነባታለች፣ ታጫውታለች፣ ትመልሳታለች። በቃ። ሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ ሚያልቅ ነገር የለውም። ኮምፒውተር ሚባለው በክፍል ሙሉ በነበረበት ዘመን ማለት ነው! እና ለኛ አገር የተሰራ እስኪመስል ድረስ፣ መብራት ሲሄድ አይረሳም። እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፣ እትዬ ሊያዩ መጥተው አራት ዘፈን መርጠን ሁለተኛው ላይ እንዳለ መብራት ጥርግ አለ። የተለመደው ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲመጣ ማሽኑ ራሱን ሰብሰብ አደረገና የቀሩትን ዘፈኖች አንድ ባንድ አጫወታቸው። እትዬ አማተቡ። ይሄንን ነው «ጊዜው ያለፈበት» ሚለው። የሱ ብሉቱዝ መብራት ከሄደ እንደገና ፔር አድርገኝ ነው ሚለው።

ቶርማቱ ሲሳሳት፣ ያልመረጥከውን ሲያጫውት፣ ሰው ቶርማቱ ተበላሸ ይላል። ብዙውን ጊዜ ቶርማቱ ደህና ነው፣ ምቱን ሚልከው ክፍል ነው ያነሰው፣ እሱ ጋ ያሉትን ካፓሲተሮች ቀይርና እየው፣ 2050 ሚባለውን ታይራትሮን ቫልቭ ፈትሽ፣ ከዛ በኋላ ታወራለህ። ቶርማቱን ራሱን ግን አትክፈት፣ እዛ ውስጥ ያለው ሽቦ ከፀጉር አይሻልም።

ሴሌኒየሙ ላይ ሰውዬው ልክ ነው፣ ግማሽ ልክ። መቀየር አለበት፣ እሱ ላይ አንጣላም። ሴሌኒየም ሬክቲፋየር ለማያውቀው፣ ክንፍ ክንፍ ያለው፣ እንደ ትንሽ ራዲያተር ሚመስል ነገር ነው። ሲቃጠል ሽታው አንድ ጊዜ ከሸተተህ አትረሳውም፣ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ላይ ሰልፈር ጨምረህ አስበው፣ ጭሱም መርዝ ነው፣ ተነስተህ ትወጣለህ እንጂ እስቲ ከየት ነው ብለህ አታሸትም። አንዴ ወርክሾፕ ሲቃጠልብኝ ጎረቤቴ ያለችው ልብስ ሰፊ «ምን አይነት ወጥ ነው እምትሰሩት እናንተ ልጆች» ብላ መጣች።

ችግሩ «ዳዮድ ግጠሙ አለቀ» ሚለው ነው። ሴሌኒየም ራሱ ብዙ ቮልት ይበላል፣ ሲያረጅ ደግሞ ይብስበታል። ማሽኑን የሰሩት ሰዎች ያንን ቀንሰው ነው ያሰሉት። ሲሊከን ዳዮድ ምንም አይበላም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ 24 ቮልት ይሄድለት የነበረው የማሽኑ ክፍል ዳዮድ ስትገጥም 30 ይደርሰዋል፣ ኮይሎቹ ይግላሉ፣ ሶሌኖይዱ (ከረንት ሲያገኝ ብረት ሚስበው ኮይል) በመዶሻ እንደሚመታ ቋ ቋ ይላል፣ የዛሬ ወር ደግሞ «ኦርጅናል ዕቃ እኮ ደካማ ነው» ይባላል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ከዳዮዱ ጋር በሲሪስ፣ ማለትም አንዱን ካንዱ ቀጥሎ፣ ሬዚስተር (ትርፉን ቮልት ሚበላ ዕቃ) ታስገባለህ። ሂሳቡ የስድስተኛ ክፍል ነው፣ 6 ቮልት መቀነስ ከፈለግክ እና ማሽኑ ሲሰራ 1 አምፔር ሚስብ ከሆነ 6 ኦም ነው፣ 6 ዋት ሙቀት ያወጣል፣ ስለዚህ 15 ዋት ሚችል ትገዛና ሽቦ ከማይነካበት፣ ከእንጨቱ ራቅ አድርገህ ትገጥመዋለህ። ስትለካ ደግሞ ማሽኑ እየሰራ ነው ምትለካው፣ ባዶውን ለክተህ ቢያሳስትህ በቴስተሩ አትፍረድ። ሴሌኒየሙን ከማሽኑ ለይ፣ ግን አትጣለው፣ ሽቦውን ብቻ ነቅለህ ለመልኩ ቦታው ላይ ተወው፣ ነገ ሚመጣው ባለሙያ ምን እንደነበረ ይወቅ። ዳዮዱን የት እንዳስገባህም ወረቀት ላይ ጽፈህ ክዳኑ ላይ ለጥፍ፣ እባክህ።

«ባለ 110 ከሆነ ስቴፕዳውን ይበቃዋል።» ይሄን እኔም አምኜ ነበር። ሁለተኛው ማሽን ላይ ነው ያየሁት፣ ሮክኦላ ነበር። (ስሙ ከሮክ ሙዚቃ የመጣ ይመስላል አይደል? አይደለም፣ የፋብሪካው ባለቤት የቤተሰብ ስም ነው፣ ሰውየው ሮክኦላ ነው ሚባለው።) ካፓሲተሩን ቀየርኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ፣ አሪፍ ስቴፕዳውን ገዛሁ፣ በቴስተር ለካሁ፣ 110 ቁጭ። ማታ ባለቤቱ ጓደኞቻቸውን ጠርተው፣ ቢራ ምናምን ተከፍቶ፣ አንድ የድሮ ሸክላ አስመረጡ። ዘፋኟ ሴት ናት። የወጣው ድምፅ የወንድ ነው። ያውም እንቅልፉ የመጣ ወንድ። አንድ ጋሼ በጣም ቆፍጠን ብለው «ይቺ ልጅ ጉንፋን ይዟታል እንዴ?» አሉ፣ ሰው ሁላ ሳቀ፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ግሪሱ ደርቆ ነው ብዬ ሳጥብ፣ ዘይት ስቀባ፣ ላስቲኩን ስቀይር ከረምኩ። ጉዳዩ ግን ሞተሩ ላይ ባለችው ቆርቆሮ ተጽፎ ነበር፣ 60 ሳይክል (ዛሬ ሄርዝ ምንለው፣ ከረንቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ይላል። የኛ መብራት 50 ነው። ስቴፕዳውን ቮልቱን ነው ሚቀንሰው፣ ሄርዙን አይነካውም፣ እንደዚህ አይነት ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን ሚወስነው ሄርዙ ነው። 45 በ50 አባዝተህ ለ60 ስታካፍለው 37 ተኩል ይመጣል። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ 37 ተኩል ነው ሚዞረው፣ ስለዚህ እንኳን ዘፋኟ ጊታሩም ጉንፋን ይይዘዋል። ጸሐፊው ይሄን አንዲት መስመር አልነካውም፣ እና ያንን ጽሑፍ አምኖ ማሽን ሚያድስ ሰው ሁሉ እኔ የዋልኩበት ይውላል።

መፍትሄው ሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችው ቡሽ፣ ማለትም የብረት ቀለበቷ ናት፣ የላስቲክ ጎማውን ምትነዳው። ውፍረቷ በ20 ፐርሰንት መጨመር አለበት፣ 10 ሚሊ ከሆነች 12። ቶርኖ ቤት ወስጄ ከነሐስ አስወጣሁ፣ ልጁ መጀመሪያ ለዚች ብጣሽ ነገር ነው እንዴ ማሽን ማስነሳው ብሎ ነበር፣ በኋላ ዘፈኑን ሲሰማ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ማረጋገጫው፣ ሸክላው ላይ ነጭ ፕላስተር ትለጥፍና በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ ትቆጥራለህ፣ 45 ከሆነ ተገላገልክ። ሞተሩን መንካት ካልፈለግክ ሌላም መንገድ አለ፣ ዛሬ ለሶላር ሚሸጡት ኢንቨርተሮች ውስጥ 110 ቮልት 60 ሄርዝ ማውጣት ሚችሉ አሉ፣ ፒዩር ሳይን መሆኑን አረጋግጠህ ግዛ እንጂ እሱም ይሆናል። ውድ ነው ግን፣ ደግሞ በባትሪ ጁክቦክስ ማጫወት፣ እንጃ፣ እኔን ትንሽ ያስቀኛል።

እዚሁ ላይ እያለን፣ ለ60 የተሰራ ትራንስፎርመር 50 ላይ ሲሰራ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ 117 የሚለው ማሽን 110 ቢያገኝ ቅር እንዳይላችሁ፣ እንዲያውም ይሻለዋል። ችግሩ ስቴፕዳውኑ የመጣለትን ግማሽ ነው ሚያደርገው፣ የኛ መብራት ደግሞ ከሄደበት ሲመለስ 240 ሆኖ ሚመጣበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ማሽኑ 120 ይደርሰዋል፣ በሙቀት ላይ ሙቀት። ስታብላይዘር (ቮልቱን ሚያረጋጋ ዕቃ) ከፊቱ አስቀምጡ። ቆቃ በ1960 መብራት ሲጀምር የእትዬ ማሽን ተወልዶ ነበር ማለት ነው፣ አብረው አርጅተው አሁንም አይግባቡም።

ፊውዙ ላይ ብዙ ማወራው የለኝም። ፊውዝ እየበላ ያስቸገረ ማሽን እየጮኸ ነው፣ አንተ አፉን በሽቦ ስትዘጋው ዝም ይልሃል፣ ከዛ ትራንስፎርመሩ ይጨስና ያኔ ሽቦህ ይበጠሳል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ትራንስፎርመር ደግሞ ከነገርኳችሁ ዕቃ ሁሉ እውነትም ማይገኘው እሱ ነው። የተጻፈውን አምፔር አስገቡ፣ ዘገምተኛ ፊውዝ ከሆነ ዘገምተኛ። ይሄንን የጻፈ ሰው ቤቱ በጭቃ የተሰራ መሆን አለበት፣ አለዚያ በእንጨት ሳጥን ውስጥ እሳት ሚጭር ምክር አይሰጥም ነበር።

የብርጭቆ ወረቀቱ... እሺ፣ ቃሌን ልጠብቅ። የመጀመሪያውን ማሽን ያበላሸሁት በዚህ ነው። ልጅ ነበርኩ፣ ኮንታክቶቹ ጠቁረው ሳይ እንደ መኪና ፕላቲኒ ፈተግኳቸው፣ አበሩ፣ ደስ አለኝ። የሪሌይ (በከረንት ሚከፈትና ሚዘጋ ማብሪያ) ኮንታክት ላዩ ብር ነው፣ በጣም ስስ የብር ልባስ፣ የብር ጥቁረት ደግሞ ያን ያህል መብራት አይከለክልም። እኔ ብሩን ፍቄ ከስር ያለውን መዳብ ነው ያወጣሁት፣ አሸዋውም እዛው ተሰክቶ ቀረ፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ አንዱም አይነካም። ባለቤቱ በጨዋ ደንብ ነው ማሽኑን የወሰዱት፣ ዛሬም መንገድ ላይ ሳያቸው ሌላ መንገድ እይዛለሁ። አልኮል የነካ ጠንካራ ወረቀት፣ ቪዚት ካርድ በሉት፣ በሁለቱ መሀል አስገብቶ ጨቆን አድርጎ መሳብ፣ ጥቁሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ ሁለት ሶስቴ ደጋግሞ ማቆም። የአዳማን አቧራ ከነንፋሱ ለምታውቁ ደግሞ ክዳኑን ከፍታችሁ አትተዉ፣ ያ ሁሉ የነፋስ ተርባይን በከንቱ አይደለም እዚህ የተተከለው።

ኤልኢዲ ላይ በአብዛኛው ከሰውዬው ጋር ነኝ፣ ይገርማችኋል። የድሮ አምፖል ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ የፍሎረሰንቱ አሮጌ ባላስትም (የአምፖሉን ከረንት ሚቆጣጠረው) ውስጡ ያለው ዘይት መርዛም ሊሆን ይችላል፣ ከ1979 በፊት የተሰራ ከሆነ ካፓሲተሩ ያንጠባጠበውን በእጃችሁ አትንኩ። ሞቅ ያለውን ነጭ ምረጡ እንጂ ሰማያዊ ነጩን አታድርጉበት፣ የፋርማሲ ፍሪጅ ያስመስለዋል። አንድ ቦታ ግን ኤልኢዲ አይሆንም። ያ ታዋቂው የ1946ቱ ወርሊትዘር 1015፣ ዙሪያውን ውስጡ አረፋ ሚፈላበት ቱቦ ያለው፣ አረፋው ሚመጣው ከስር ሙቀት ስላለ ነው፣ ፈሳሹ 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ሚፈላ ኬሚካል ነው። ማሞቂያውን አውጥተህ ቀዝቃዛ ኤልኢዲ ከስር ካደረግክ ቱቦው ያበራል፣ አይፈላም። የቆመ ውሃ። ቀጥሎ «ቱቦው ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ እሱም ይጣላል ማለት ነው።

ያልተጻፈው ነገር ከተጻፈው በላይ ነው ያስፈራኝ። ጽሑፉ አንድም ቦታ ላይ «ስፒናውን ንቀሉ» አይልም። ቢነቀልም እነዛ ትልልቅ ካፓሲተሮች ላይ ከ300 ቮልት በላይ ቁጭ ብሎ ሊጠብቅህ ይችላል፣ በሬዚስተር አስተንፍሰህ፣ በቴስተር ዜሮ መሆኑን አይተህ ነው እጅህን ምትከተው፣ በካቻቪቴ ብልጭ ማድረግ ለፊልም ነው። አሮጌው ገመድ ባለ ሁለት ሽቦ ነው፣ ኧርዝ (ወደ መሬት ሚወርደው ሽቦ) የለውም፣ ባለ ሶስት ቀይረህ ኧርዙን ከብረቱ ጋር እሰረው፣ ሳንቲም ሚከት ህጻን ነው ያንን ብረት ሚነካው።

እና ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩት በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል፣ ውስጡ ሚግል ሽቦ ያለው፣ በሲሪስ ታስገባለህ፣ ከስቴፕዳውኑ በፊት፣ በ220ው በኩል። መብራቶቹንና ሞተሩን ነቅለህ አምፕሊፋየሩን ብቻ። አምፖሉ ደመቅ ብሎ በርቶ ከዛ ደብዘዝ ካለ ጤነኛ ነው፣ ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ፣ ዝጋና ፈልግ። የኔዋ አምፖል ሱቁ ውስጥ ከኔ ቀጥላ ትልቋ ሰራተኛ ናት፣ አሁን ሱቅ ሁሉ ኤልኢዲ ስለሆነ ሌላ ፍለጋ አዳማን ዞሬ መብራት ኃይል ሰፈር አንዲት ትንሽ ሱቅ ነው ያገኘሁት፣ ሶስቱንም ገዛኋቸው።

የእትዬ ሲበርግ አሁን ካፓሲተሮቹ በሙሉ ተቀይረዋል፣ ሴሌኒየሙ በመልኩ ብቻ ቆሞ ከጀርባው ዳዮድና ሬዚስተር ነው ሚሰራው፣ አንድ ቫልቭ ብቻ ከውጪ ሚመጣ ሰው እየጠበቅኩለት ነው። ያንን ጽሑፍ አምናችሁ ማሽናችሁን ቀድማችሁ የበለታችሁ ካላችሁ ደግሞ ያወጣችሁትን ቻሲ (ዕቃው ሚታሰርበት ብረት)፣ ትራንስፎርመሩን፣ ቫልቮቹን ለቆራሌው እንዳትሰጡብኝ። በኪሎ ነው ሚወስደው፣ እኔ በክብር እወስደዋለሁ፣ ቡናም አለ።